የአይቲ ሥራችንን ለሌላ ድርጅት ልሰጥ ነው፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ባለዘጠኝ ኮምፒውተር (ጠያቂ) | ሰኞ ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ። አነስተኛ የማከፋፈያ ድርጅት አለኝ። ሠራተኞቼ አሥራ አንድ ናቸው። ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ አንድ ሰርቨር፣ ሁለት ፕሪንተርና አንድ የሂሳብ ሶፍትዌር አለን። ይኸው ነው።

እስካሁን አንድ ነገር ሲበላሽ የምንጠራው ልጅ ነበር። ጎበዝ ነው። ስንደውል ይመጣል፣ ያስተካክላል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ቋሚ ሥራ አገኘ። እሰየው ብለን ሸኘነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሜይላችን በድንገት መግባት አቆመ። ደንበኞች «ልከንላችኋል እኮ» ይሉናል፤ እኛ ጋ የለም። ሁለት ቀን ስንባዝን ቆይተን ዶሜይናችን (የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም፣ ኢሜይሉም የሚሠራበት) ጊዜው አልፎበት እንደተዘጋ ደረስንበት። ልናድሰው ስንል ደግሞ የተመዘገበው በእኛ ስም አይደለም። በልጁ የግል ኢሜይል ነው። ደግነቱ ስልኩን አንስቶ አደሰልን። ባያነሳስ ኖሮ? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን በየወሩ እየተከፈለው ሙሉ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ልይዝ ነው። ሁለት ድርጅቶች የጽሑፍ ሐሳብ ልከውልኛል። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያምራሉ። ቃላቱ ግን አይገቡኝም። በዚህ ያለፋችሁ ምን ልጠይቅ?

---

የድሮ ቴክኒሻን | ሰኞ ረፋድ

እህቴ፣ እንኳን ልጁ ስልኩን አነሳ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ። ዶሜይኑ በቴክኒሻን ስም ሆኖ የተቸገረ ብዙ ሰው አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም። ልጁ ሲቸኩል የራሱን ኢሜይል ይሞላል፣ ከዚያ ሁሉም ይረሳዋል።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ አንቺ የነበርሽበት ነው፤ ሲበላሽ ይጠራል፣ በጥሪ ይከፈላል። ሌላው በወር ቁርጥ ክፍያ ነው። በጥሪ የሚከፈለው ሰው የሚያገኘው ያንቺ ዕቃ ሲበላሽ ነው። የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ቀድሞ መጥቶ የሚያይበት ምክንያት የለውም። በወር የሚከፈለው ደግሞ ስልኩ ባልጮኸ ቁጥር ይጠቀማል። ስለዚህ አፕዴቱን በጊዜው ይጭናል፣ ዲስኩ ሳይሞላ ያያል፣ ባክአፑን፣ ማለትም የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ይከታተላል። መሆን ያለበት እንዲህ ነው።

ግን በየወሩ እየተቀበሉ ምንም የማይሠሩም አሉ። ነገር እስኪበላሽ ድረስ ማን ይጠይቃቸዋል? ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «ምንም ባልተበላሸበት ወር ለእኔ ምን ትሠራላችሁ?» ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። በእውነት የሚሠራ ሰው ቁጭ ብሎ ይዘረዝርልሻል። ለሌላ ደንበኛ የላኩትን ወርሃዊ ሪፖርት፣ የደንበኛውን ስም አጥፍተው፣ ያሳዩሽ።

---

ሂሳብ ክፍል | ሰኞ ከሰዓት

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ሽቦው አላውቅም። ውል ግን አነባለሁ፤ ወይም አነባለሁ ብዬ አስብ ነበር።

የፈረምነው ውል «በ4 ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» ይላል። የወር መዝጊያ ቀን ሶፍትዌሩ አልከፍት አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደወልን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ የመዝገብ ቁጥርዎ ይኸው» የሚል ኢሜይል መጣልን። ምላሹ ያ ነበር። ሶፍትዌሩ የተከፈተው በሦስተኛው ቀን ነው። ውሉን መልሰን ስናነበው ውሸት የለበትም። ምላሽና መፍትሔን አንድ አድርገን ያነበብነው እኛ ነን።

እህቴ፣ ውሉ ላይ ሁለቱም ለየብቻ ይጻፉልሽ። ሰው አንስቶ እስኪያነጋግርሽ ስንት ሰዓት፣ ሥራ እስኪጀመር ስንት ሰዓት። ደግሞ «ሰዓት» ሲሉ የሥራ ሰዓት ነው ወይስ ማንኛውም ሰዓት? ዓርብ ማታ የደወልሽው ጥሪ «በ8 የሥራ ሰዓት» ከተባለ ሰኞ ማታ ሊደርስ ይችላል። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ ቅዳሜ በስሙ ይጠቀስ።

ሌላው በመቶኛ የሚጻፈው ቃል ኪዳን ነው። «ሲስተማችሁ 99 በመቶ ይሠራል» ሲባል ደስ ይላል። በዓመት ውስጥ 8,760 ሰዓት አለ። ሊቆም የሚችልበት አንድ በመቶ 87 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው፤ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ። 99.9 በመቶ ሲሆን ግን ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይወርዳል። ያችን ነጥብ አትለፊያት።

---

ቋሚ ሰው ይሻላል | ሰኞ ማታ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ አልስማማም። ሁለት ጊዜ የድጋፍ ድርጅት ይዣለሁ። በደወልኩ ቁጥር የሚመጣው ሌላ ልጅ ነው። ሁልጊዜ ከዜሮ ጀምሬ አስረዳለሁ። «ሰርቨሩ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰርቨሬን እንዴት ይጠብቅልኛል? በመጨረሻ አንድ የራሴን ሰው ቀጠርኩ። ማንኛው ፕሪንተር የቱ ቀን እንደሚያስቸግር ያውቃል። ሠራተኞቼን በስም ያውቃል። በውል የማይገዛ ነገር ነው።

---

የድሮ ቴክኒሻን | ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ሰው ሲለዋወጥ ዕውቀቱ አብሮ ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ግን የአንተም ሰው እህታችን ትጠራው ከነበረው ልጅ አለመለየቱ ነው። ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ማን ይተካዋል? ነገ የተሻለ ደመወዝ ቢያገኝስ? የሚያውቀው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ከሆነ አንተም አንድ ሰው ላይ ተንጠልጥለሃል ማለት ነው።

ዘጠኝ ኮምፒውተር ደግሞ ለአንድ ሰው የሙሉ ቀን ሥራ አይሆንም። አንድ ሠራተኛ ኔትወርኩንም፣ ደኅንነቱንም፣ ሰርቨሩንም፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩንም እኩል ሊያውቅ አይችልም። አርባና ሃምሳ ኮምፒውተር ሲሞላ ሌላ ነገር ነው። ያኔ አንድ የውስጥ ሰው ይዞ ከባዱን ሥራ ለውጭ ድርጅት መስጠት ያዋጣል።

«ሰርቨሩ የት ነው?» ያለህ ልጅ ጉዳይ ግን የድርጅቱ ጥፋት ነው። የእያንዳንዱ ደንበኛ ሰነድ ሊኖራቸው ይገባል። የትኛው ዕቃ የት እንዳለ፣ ምን እንደተጫነበት፣ ባለፈው ምን እንደተደረገ። የሚመጣው ልጅ መንገድ ላይ አንብቦት መምጣት አለበት። ያ ሰነድ የደንበኛው ንብረት እንደሆነም ውሉ ላይ ይጻፍ።

---

ጥግ ወንበር | ማክሰኞ ጠዋት

የጋሼን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላጠንክረው፤ እኔ ዋጋ የከፈልኩበት ነው።

ከያዝነው ድርጅት ጋር በሂሳብ ተጋጨን። እኛ አልተሠራም እንላለን፣ እነሱ ተሠርቷል ይላሉ። ክርክር የትም አለ። ልንለያይ ስንል ግን የሰርቨሩ ዋና ፓስወርድ እነሱ ጋ ነበር። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው የራውተሩም። የኢሜይሉም አድሚን፣ ማለትም አካውንት የሚከፍቱትና የሚዘጉት፣ እነሱ ናቸው። «ቀሪው ሂሳብ ሲከፈል እናስረክባለን» አሉን። አምስት ሳምንት በራሳችን ቢሮ እንግዳ ሆነን ቆየን። አዲስ ሠራተኛ ቀጥረን ኢሜይል ልንከፍትለት አልቻልንም። የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት ልንዘጋ አልቻልንም። ይሄ የኋለኛው ነው ያስፈራኝ።

ስለዚህ ሥራውን ስጡ፤ ቁልፉን ግን አትስጡ። ድርጅቱ ቅጂ ይኑረው፤ ዋናው እናንተ ጋ ይሁን። ዶሜይኑ የተመዘገበበት አካውንት፣ የኢሜይሉ አድሚን፣ የሰርቨሩና የራውተሩ ፓስወርድ፣ የሶፍትዌር ፈቃዶቹ፣ የክላውድ ማከማቻው። ባክአፑ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉም ጭምር። እሱ ከጠፋ ባክአፑ አለ ማለት አይቻልም። እኛ አሁን ታትሞና ታሽጎ ካዝና ውስጥ አለ። ሥራ አስኪያጁና እኔ ብቻ እንከፍተዋለን። ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር ወረቀቱም ይቀየራል።

አንድ ስስ ነገር ልጨምር። የዶሜይኑ አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል ያው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን። ዶሜይኑ ሲዘጋ ያ ኢሜይልም አብሮ ይዘጋል። የማደሻ ማስታወቂያውም ሆነ ፓስወርድ መቀየሪያው የሚላክላችሁ እዚያ ነው። ቤት ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደመርሳት ነው። ለዚህ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቦታ የተከፈተ የድርጅት ኢሜይል ይኑራችሁ።

---

ባለዘጠኝ ኮምፒውተር (ጠያቂ) | ማክሰኞ ቀትር

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን ጥያቄ ለሁለቱም በስልክ ጠየቅኳቸው። አንደኛው «ሁሉንም ነገር እንከታተላለን» አለኝ። ሁለተኛዋ ቁጭ ብላ አሥር ደቂቃ አስረዳችኝ። የጥግ ወንበርን ምክር ይዤ ደግሞ ዛሬ ያሉንን አካውንቶች ለመዘርዘር ሞከርኩ። ግማሾቹን ማን እንደከፈታቸው እንኳ አላውቅም። ልጁን ለምኜው ቅዳሜ መጥቶ አብረን ልንዘረዝር ተስማምተናል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ባክአፕ አለን፤ ከሰርቨሩ ጋር የተሰካ ሃርድ ዲስክ አለ፣ በየማታው ይገለብጣል። ይበቃል? ሌላው፣ ከዘጠኙ ስድስቱ ዊንዶውስ 10 ናቸው። አንደኛው ድርጅት ይቀየሩ ይላል። እውነት ነው ወይስ ዕቃ ሊሸጡልኝ ነው?

---

የድሮ ቴክኒሻን | ማክሰኞ ከሰዓት

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የደኅንነት አፕዴት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሮቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍንላቸው የለም። ለድርጅቶች በክፍያ እስከ ሦስት ዓመት ማራዘሚያ አለ፤ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መቀየር አለባቸው ያለሽ ሰው አልዋሸሽም። ግን ስድስቱም አዲስ ይገዙ ካለሽ «የትኞቹ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላሉ?» በይው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ቺፑ ኖሮ ሴቲንግ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። አንድ በአንድ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ባክአፕሽ። አይበቃም። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ዕጣ ነው ያለው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። ሌባ ቢገባ ሁለቱንም አብሮ ይወስዳል። እሳትና ውኃም እንደዚያው። የተለመደው መመሪያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል። የመረጃው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ አንዱ ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን መሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ መሐንዲሱ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። አምስት ዓይነት የባክአፕ ዘዴ ነበራቸው። አንዱም በሚያስተማምን መንገድ እየሠራ አልነበረም። መሐንዲሱ በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ የያዘው ቅጂ ነው ያዳናቸው። የስድስት ሰዓት መረጃ ግን ቀረ። ጉዳዩን ራሳቸው በይፋ ጽፈውታል፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። መሐንዲስ የሞላበት ቤት እንዲህ ከሆነ እኔና አንቺ በየማታው አረንጓዴ መብራት አይተን መተኛት የለብንም።

ውልሽ ላይ አስገቢ፦ በየሦስት ወሩ ከባክአፑ ፋይል ተመልሶ በዓይንሽ ይታይ። ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ቢሞት ስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚነሳ፣ የስንት ሰዓት ሥራም ሊጠፋ እንደሚችል በቁጥር ይጻፍ። ሁለተኛውን ቁጥር አንቺ ነሽ የምትወስኚው። የግማሽ ቀን ደረሰኝ እንደገና ማስገባት ትችላላችሁ? የአንድ ሳምንትስ?

---

ከጠረጴዛው ማዶ | ረቡዕ ጠዋት

የምሠራው እንዲህ ዓይነት ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ ደንበኛ ፍለጋም አልመጣሁም። ከእኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ጥግ ወንበር ስለ ቁልፍ ያልከው ልክ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የብዙ ደንበኛ ቁልፍ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። እኛ ቤት የገባ ሌባ የሁላችሁንም በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2021 የሆነው ይኸው ነው። ሌቦቹ ካሴያ የተባለውን ድርጅት ሶፍትዌር ተጠቀሙ። የድጋፍ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ኮምፒውተር ከሩቅ የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ነው። በድጋፍ ድርጅቶቹ በኩል እስከ 1,500 የሚገመቱ ድርጅቶች ተጎዱ። ስዊድን ውስጥ ኩፕ የተባለው የሱፐርማርኬት ሰንሰለት የሂሳብ መቀበያ ማሽኖቹ ስለቆሙ 800 ያህል መደብሮቹን ዘጋ። ኩፕ የካሴያ ደንበኛ እንኳ አልነበረም። ሶፍትዌሩን የሚጠቀመው የማሽኖቹ አገልግሎት ሰጪ ነበር።

ስለዚህ እኛን ስለ እኛው ጠይቁን። ከሩቅ ስንገባ ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንጠቀማለን? እያንዳንዱ ቴክኒሻን የራሱ መግቢያ አለው ወይስ ሁላችንም በአንድ ፓስወርድ ነው የምንገባው? ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያው በስንት ሰዓት ይዘጋል? ማን መቼ እንደገባ መዝገብ አለ? ስትጠይቁን አንከፋም። የሚከፋ ድርጅት ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ከእናንተም የምንፈልገው አለ። ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስክሪን ላይ አትለጥፉ። ሠራተኛ ስትቀጥሩና ስታሰናብቱ በዚያው ቀን ንገሩን። ደግሞ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት አንድ ቀን ስጡን፤ ቢሮውን ዞረን እንየው። ሳያዩ የተፈረመ ውል ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወር ጭቅጭቅ ይሆናል። «ይሄ በውሉ ውስጥ ነው» «አይደለም» የሚባለው እዚያ ነው። ስልክ ማዕከሉ? የመግቢያ በሩ ካሜራ? የሠራተኛው የግል ላፕቶፕ? ምን እንደማይካተት የሚዘረዝር ገጽ ጠይቁ። ለእኔ ከዋጋው ገጽ በፊት የሚነበበው እሱ ነው።

---

ሂሳብ ክፍል | ረቡዕ ከሰዓት

ከጠረጴዛው ማዶ፣ ተባረክ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድጋፍ ሰጪ እንዳለን ስለሚታወቅ «ከአይቲ ድጋፍ ነው የምደውለው፣ ኮምፒውተርሽ ላይ ችግር አይተናል፣ ይህን ሊንክ ክፈቺ» የሚል ስልክ መጣልኝ። ድምፁ ትሁት ነው፣ ስሜንም ያውቃል። ልከፍት ስል ቆም አልኩ። ዘግቼ በምናውቀው ቁጥር ደወልኩ። ማንም አልደወለም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንብ አድርገነዋል፤ የደወለልንን አናስገባም፣ እኛው መልሰን እንደውላለን። ለሠራተኞችሽ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው።

---

ቋሚ ሰው ይሻላል | ሐሙስ ጠዋት

የጋሼን ሐሳብ ሳሰላስል ሰነበትኩ። ሰውዬዬን አልለቅም። ግን ትናንት አስቀምጬው «ነገ ባትመጣ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አልኩት። እሱም እውነቱን ነገረኝ፦ «ምንም ማድረግ አይችሉም» አለኝ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሰጥቼዋለሁ፤ የሚያውቀውን እየጻፈ ነው። ለፈቃድ ጊዜው የሚተካ ድርጅትም እየፈለግሁ ነው።

---

ባለዘጠኝ ኮምፒውተር (ጠያቂ) | እሑድ ማታ

የሆነውን ላሳውቃችሁ።

ቅዳሜ ከልጁ ጋር አምስት ሰዓት ቁጭ አልን። ሃያ ሦስት አካውንት አገኘን። ሰባቱ በእሱ የግል ኢሜይል ነበሩ። ሁሉንም ወደ ድርጅቱ አዛወርን፤ ዶሜይኑን መጀመሪያ። ልጁ አንድም ጊዜ ፊቱን አላጠቆረም። ለቀኑ ከፈልኩት፤ አልቀበልም ብሎ ነበር፣ በግድ ሰጠሁት።

ከዚያ ጋሼ እንዳሉኝ ከባክአፑ አንድ ፋይል እንመልስ አልኩ። የባለፈውን ሳምንት የደንበኞች ዝርዝር ፈለግን፤ የለም። የባለፈውን ወርም የለም። ዲስኩ ሞልቶ መገልበጡን ካቆመ አራት ወር ሊሆነው ነው። መብራቱ ግን በየማታው ብልጭ ይል ነበር። ልጁም ደነገጠ። እዚያው ሁለት አዲስ ዲስክ ገዝተን ሙሉ ቅጂ አወጣን። አንዱን ይዤው ቤቴ ሄድኩ።

ድርጅቱን መርጫለሁ። አሥር ደቂቃ ያስረዳችኝን ነው። የማይካተተውን ዝርዝር ስጠይቃት አንድ ገጽ ተኩል ላከችልኝ። ሌላኛው «ሁሉም ተካቷል» አለኝ። ዋና ፓስወርዶቹ እኛ ጋ ይሁኑ ስለው ደግሞ «አሠራራችን አይፈቅድም» አለ። የመረጥኳቸው ማክሰኞ ቢሮውን ዞረው ሊያዩ ይመጣሉ። ውሉን የምፈርመው ከዚያ በኋላ ነው።

ሂሳብ ክፍል፣ ቅዳሜን በስሙ አስጽፌያለሁ።

---

የድሮ ቴክኒሻን | እሑድ ማታ

ጎሽ። ቤት የወሰድሽውን ዲስክ መኪና ውስጥ አትተይው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ፓስወርድ አድርጊበትም፣ የደንበኞችሽ ስም ያለው እዚያ ነው።